ሰባት ቀን በጅማ፦ ስማቸው ርቆ የሄደ ሰዎችን ፍለጋ

ረቡዕ፣ መንገድ

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ኅዳር ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ ጋቢ አለ። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሰዎች ስም ጽፌያለሁ።

ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከጅማ አካባቢ የወጣ ታዋቂ ሰው ማን አለ?» አለችኝ። አባ ጅፋር አልኳት። «ሌላስ?» አለች። ሙላቱ አስታጥቄ አልኩ። «ሌላስ?» ስትል ዝም አልኩ። ደወሉ ተደወለና ክፍሉ ተበተነ። የዚያን ቀን ዝምታ ግን እኔን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሳነብ ከረምኩ፤ ስሞቹም በዙ። ስም ብቻ ግን አልበቃኝም። አገሩን በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን አልፈን ወሊሶ ለቁርስ ቆምን። ፍርፍርና ሻይ። ይህ የጨቦ አገር ነው፤ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የትውልድ አገር። ገና ልጅ ሳሉ በምኒልክ ጦር ተማርከው ተወሰዱ። ያ ተማርኮ የሄደ ልጅ በ1900 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆነ። በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ቤተ መንግሥቱ ያለ እሳቸው ምክር ትልቅ ነገር አይቆርጥም ነበር። የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነው። መላ ለጠፋበት ዘመን የሚገባ ስም።

ይህን ማስታወሻ ወሊሶ ላይ የያዝኩት ለመንገድ ያህል ብዬ ነበር። ተማርኮ መሄድ የሚባለው ነገር ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ እንደሚጓዝ አላወቅኩም።

ወልቂጤን ካለፍን በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል፤ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ፊት ይመታል። ጋቢዬን አወለቅኩ። ድልድዩን ተሻግረን የአበልቲን ዳገት ስንወጣ አየሩ እንደገና ቀዘቀዘ። ከሰኮሩ በኋላ የባሱ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም አየር አልነበረውም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ዳር ተቀመጥን። ተሳፋሪው አልተበሳጨም። አንዷ እናት ከዘንቢላቸው ቆሎ አውጥተው ለማያውቁት ሰው ሁሉ አዳረሱ። «ብሉ እንጂ፣ ልጆቼ» እያሉ።

ጅማ የገባሁት ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ከተማው እርጥብ አፈርና የሚቆላ ቡና ይሸታል። ባጃጅ ይዤ ወደ ማረፊያዬ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ሂርማታ

ሐሙስን ሆን ብዬ ነው የጠበቅኩት። የጅማ ትልቁ ገበያ ከጥንት ጀምሮ የሐሙስ ነው። ዛሬ ጅማ የምንለው ከተማ ያደገው ከዚህ ከሂርማታ ገበያ ነው። የነገሥታቱ መቀመጫ ከፍ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር። ሜዳው የነጋዴ ነበር። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ ሲራራ ነጋዴ እየመጣ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል። ቡና፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ጭኖ ይመለሳል።

ሰውም ጭኖ ይመለሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሂርማታ ከአገሪቱ ትልልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። ይህን አንብቤው አውቃለሁ። ቃሪያና ዝንጅብል ክምር መካከል ቆሞ ማሰብ ግን ሌላ ነው። አጠገቤ አንዲት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ እናቷ ስትሸጥ ሳንቲም ትቆጥርላት ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ልጅ ራሷ ዋጋ ይቆረጥላት ነበር። እግሬ ለትንሽ ጊዜ አልታዘዘኝም።

ከገበያው ወጥቼ ወደ ጅማ ሙዚየም ገባሁ። የአባ ጅፋር የእንጨት ዙፋን፣ ወንበሮች፣ የቤት ዕቃ፣ የጦር መሣሪያ አለ። ሰው ሁሉ ዙፋኑ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኔን የያዘኝ እንጨቱ ነው። የጅማ ጠራቢዎች እጅ ያለበት ሥራ ነው። ንጉሡ ማን እንደሆነ እናውቃለን። የተቀመጠበትን የጠረበው ማን ነው?

ጥያቄውን ይዤ ከሰዓት በኋላ አንድ በርጩማ ሠሪ ጋ ሄድኩ። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው ያላስተዋለው እግሩ ተጠርቦ የሚገጠም አለመሆኑን ነው። መቀመጫውም ሦስቱም እግሮች ከአንድ ግንድ ይወጣሉ። ምስማር የለም፤ ሙጫ የለም። ሽማግሌው ጉቶውን በእግራቸው ረግጠው መጥረቢያውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ይጠርቡታል። የመቀመጫውን ጎድጓዳ የሚያወጡት ግን በመሮ ነው፤ ቀስ ብለው፣ በየመካከሉ በመዳፋቸው እየዳበሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚዳብሱት።

«ጋሼ፣ ለምን ይጨፍናሉ?» አልኳቸው።

«ዓይን ይሸነግላል፣ ልጄ። እጅ ግን እውነቱን ይነግርሻል።»

ሥራውን ከአባታቸው፣ አባታቸው ከአያታቸው እንደወረሱት ነገሩኝ። ለምን ስማቸውን ሥራቸው ላይ እንደማይጽፉ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ሰው የሚቀመጥበት ላይ ስም ይጻፋል እንዴ?» አሉኝ። አንድ በርጩማ ለሰኞ እንዲያደርሱልኝ ቀብድ ሰጠሁ። ከመሄዴ በፊት ስምዎን ከታች፣ ከእግሮቹ መካከል ይጻፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሺም እምቢም አላሉኝም።

ዓርብ፣ ጅሬን

ጅሬን ከከተማው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ባጃጁ እያቃሰተ ወጣ። ከላይ ሲታይ ጅማ ዛፍ የዋጠው ከተማ ነው፤ ቆርቆሮው እዚህም እዚያም ያብረቀርቃል።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግንብ አይደለም። እንጨትና ጭቃ ነው። ሰፊ በረንዳ አለው፤ የተጠረቡ ምሰሶዎች፣ ከላይ የተከፈተ ሰገነት። አስጎብኛችን ወጣት ልጅ ነው። ንጉሡ ከሰገነቱ ሆነው ትግልና የፈረስ ጨዋታ ይመለከቱ እንደነበር እጁን እያወናጨፈ ነገረን። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ያልፍ ነበር እየተባለ ይነገራል። በሩ ስር ቆሜ ሽቅብ ሳየው አመንኩት።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1861 ተወለዱ፤ በ1878 ነገሡ። ገና አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ጊቤ አካባቢ ከነበሩት አምስት መንግሥታት፣ ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጅማ፣ እስከ መጨረሻው ራሷን ስታስተዳድር የቆየችው ጅማ ብቻ ናት። የምኒልክ ኃይል ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲሰፋ አባ ጅፋር አልተዋጉም። ግብር ለመክፈል ተስማሙ፤ አገራቸውን በእጃቸው አቆዩ። ይህን ምክር የሰጧቸው እናታቸው ጉሚቲ ናቸው ይባላል። የዙሪያው ነገሥታት ዙፋን ሲወድቅ የጅማው እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ቆመ። በዚያው ዓመት ንጉሡ አረፉ፤ ራስን የማስተዳደሩም ነገር አበቃ።

እኔ ይህን ብልህነት እላለሁ። ጦርነት የገቡት አገሮች ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለን። ነገር ግን አስጎብኛችን ያልነገረን አለ። የግቢውን ሥራ ይሠሩ ከነበሩት እጆች ብዙዎቹ የባሪያ እጆች ነበሩ፤ የሂርማታም ገበያ የደራው በዚሁ ዘመን ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል። አገሩን ከእሳት ያወጣ ንጉሥ ነው፤ በዘመኑም የሰው ልጅ ይሸጥ ነበር። ተማሪዎቼ አንዱን ብቻ ሰምተው እንዲሄዱ አልፈልግም።

ልጁን ወደ ጎን ጠርቼ፣ ይህንንም ብትነግራቸው አልኩት። አሰብ አደረገና «ጎብኚ ይከፋዋል ብዬ ነው፣ እህቴ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የመጡትን ጎብኚዎች ሲያስጎበኝ ሰማሁት። ነገራቸው።

ቅዳሜ፣ ሊሙ

ለዚህ ቀን ነው የመጣሁት።

በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሊሙ ገነት ሄድኩ። መንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ነው። ቡናው ደርሷል። ቅርንጫፉ በቀይ እሸት ተጎንብሷል። ሴቶችና ልጆች ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ይለቅማሉ። አንዱ መንደር ላይ የማድረቂያ አልጋ ተደርድሮ አየሁ። እሸቱ በቀጭኑ ተሰጥቷል፤ አንዲት ልጅ በመዳፏ ታገላብጠዋለች። በፀሐይ ሲጠቁር ጀንፈል ይሆናል።

ሊሙ እናርያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጊቤ መንግሥታት ኃያሉ ነበር። በተለይ በአባ ባጊቦ ዘመን። ሰቃ የሚባለው ከተማው የነጋዴ መናኸሪያ ነበር፤ አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ አሳሽም በ1843 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሷል። እኔ ግን ንጉሥ ፍለጋ አልመጣሁም።

እ.ኤ.አ. በ1872 አካባቢ አንዲት ልጅ ተወለደች። ነፃ ሆና ነው የተወለደችው። በኋላ የሊሙ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠች ቀይ ባሕር ደረሰች። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ተጭና ስትሄድ የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ያዙት። አሥራ አራት ዓመት ገደማ ቢሆናት ነው። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰደች። ስሟ አስቴር ጋኖ ነው።

እዚያ ትምህርት ቤት አናሲሞስ ነሲብ ነበሩ። እሳቸውም ከኢሉባቦር በልጅነታቸው ተሸጠው፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ጀምረው ነበር። የቸገራቸው ቋንቋው ነው። ገና በልጅነታቸው ከአገራቸው ስለወጡ ቃሉ ይጠፋባቸው ነበር። አስቴር ቃሉ ነበራት። የቃላት ስብስብ እንድታዘጋጅ ተጠየቀች፤ አዘጋጀች። ያ ስብስብ በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማረም አገለገለ። ከዚያ አልቆመችም። ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከአእምሮዋ እያወጣች ጻፈች፤ 500 ያህል። በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅድስት ክሪሾና ላይ ታተመ። ትልቁን ሥራ ከሠሩት አንዷ እሷ ናት። ሽፋኑ ላይ ግን ስሟ የለም። የአናሲሞስ ብቻ ነው ያለው።

አስቡት። የተሸጠች ልጅ ናት። እናቷን አታይም፤ መንደሯን አታይም። የቀራት እናቷ የነገረቻት ተረት ብቻ ነው። እሱንም ለሁላችን ሰጠችን።

የ1899ኙን መጽሐፍ አንድ ገጽ ፎቶ ስልኬ ላይ ይዣለሁ። ኦሮምኛ ነው፣ ግን በእኛው በግዕዝ ፊደል የተጻፈ። ዛሬ ኦሮምኛ በቁቤ ስለሚጻፍ ወጣቱ ይህን ማንበብ ይከብደዋል። ምሳ የበላሁበት ቤት ጎን አንዲት እናት ቡና ያፈላሉ። ኦሮምኛና አማርኛ እያፈራረቁ ያወሩኛል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል እንደቆጠሩ ነገሩኝ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ዘመቻው በብዙ ቋንቋ ሲካሄድ ኦሮምኛውም በግዕዝ ፊደል ነበር።

«እማማ፣ ይህን ያነቡልኛል?» ብዬ ስልኬን ሰጠኋቸው።

እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፤ ገጹን በጣቴ አሳደግኩላቸው። ጀመሩ። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ነበር። አንድ ቃል ላይ ቆሙ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላቱን አያሳይም፤ ኦሮምኛ ደግሞ ያለ እሱ ትርጉሙ ይለወጣል። ቃሉን አላልተው ሞከሩት፤ አልሆነም። አጥብቀው አሉት። ፊታቸው በራ። ከዚያ በኋላ ንባባቸው ወራጅ ውሃ ሆነ። የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው ገጽ ነበር። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን ሲያጠፋ እንኳ አላዩትም።

«ይኼ የኛው አነጋገር ነው» አሉ ሲጨርሱ። «ማነው የጻፈው?»

ነገርኳቸው። ከጻፉት አንዷ ከዚህ ከሊሙ የተወሰደች ልጅ ናት አልኩ።

«ተሽጣ?»

«አዎ፣ እማማ። ተሽጣ።»

ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከሰሉን እንደገና አቀጣጠሉ። ከዚያ እኔ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። ምን ተማረች አላሉም፤ የት ሞተች አላሉም። «የማን ልጅ ናት?» አሉ።

«የጋኖ።»

«የጋኖ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። ስሙን ሁለት ጊዜ ደገሙት። የቡና ሒሳብ አልቀበልም አሉኝ።

አስቴር በ1904 እ.ኤ.አ. ከአናሲሞስና ከሌሎቹ ጋር ከኤርትራ ወደ ወለጋ ተመለሰች። ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ልጆች አስተማረች። በ1964 አረፈች። ከዘጠና ዓመት በላይ ኖራለች ማለት ነው። ሊሙ ውስጥ የጠየቅኳቸው ሁለት መምህራንና አንድ የሱቅ ባለቤት ስሟን አልሰሙም ነበር። አላዘንኩባቸውም። እኔም አስተማሪ ሆኜ እስከ ባለፈው ዓመት አልሰማሁም።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ፖለቲካ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የተወለዱት በዚሁ ዞን፣ አጋሮ አጠገብ በሻሻ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል። ስለ እሳቸው ተሳፋሪው ሁሉ የየራሱ ሐሳብ አለው፤ ድምፁም ከፍ ይላል። እኔ በመስኮት ወደ ጉማ አቅጣጫ እያየሁ ሌላ ልጅ አስብ ነበር። ቢሊሌን። ከጉማ ተማርካ ተሸጠች። በ1837 እ.ኤ.አ. ፑክለር ሙስካው የሚባል የጀርመን መስፍን ገዛት፤ መሕቡባ ይላት ነበር። ወደ አውሮፓ ይዟት ሄደ። በ1840 ሙስካው ላይ ሞተች። መቃብሯ ዛሬም እዚያው ነው።

እሑድ፣ ጎጀብ

ከጅማ በሰቃ ጨቆርሳና በሸቤ አድርጎ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ጎጀብ ወንዝን ይሻገራል። ድልድዩ አጠገብ ወረድኩ። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ሰፊ፣ ዝም ያለ። ሙቀቱ የጊቤን ያስታውሳል።

ይህ ወንዝ ሁለት ትልልቅ ምርኮኞችን አይቷል።

የመጀመሪያው ጋኪ ሸሮቾ ነው፣ የከፋ የመጨረሻው ንጉሥ። በ1897 እ.ኤ.አ. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ሲወጉ የአባ ጅፋርም ጦር አብሮ ዘምቷል። ንጉሡ ለወራት በጫካ ተደብቆ ቆየና ተያዘ። ወደ አዲስ አበባ ሲወሰድ ጎጀብን ሲሻገር የንግሥና ቀለበቱን አውልቆ ወንዙ ውስጥ ጣለው ተብሎ ይተረካል። በእስር እንዳለ በ1919 አዲስ አበባ ላይ ሞተ።

ሁለተኛው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ በምዕራቡ በኩል መንግሥቱን ወክለው የቀሩት እሳቸው ናቸው። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣት መኮንኖችና የተማሩ ልጆች ያቋቋሙት ጥቁር አንበሳም አብሯቸው ነበር። ጥይት አለቀ፤ ስንቅ አለቀ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እዚህ ጎጀብ አካባቢ የጣሊያን ጦር ከበባቸው። እጃቸውን ሲሰጡ ለወታደሮቻቸው ሕይወት አስበው ነው። ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ነፃ የወጡት በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በዋሽንግተን፣ በኒው ዴልሂና በሞስኮ አምባሳደር ሆኑ። መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው በማካፈላቸው ሰው ይበልጥ ወደዳቸው። ብዕርም ነበራቸው፤ ልብ ወለድም የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈዋል።

አርባ ዓመት እንኳ አይለያያቸውም። አንዱ በኢትዮጵያ ጦር ተያዘ፤ ሌላው ለኢትዮጵያ ሲዋጉ ተያዙ። ወንዙ ዳር ላም የሚያጠጣ ልጅ ምን እንደማይ ጠየቀኝ። ወንዙን አልኩት። እሱም ቆሞ አብሮኝ አየ።

ሰኞ፣ ስታዲየም፣ አወቱ፣ በርጩማ

ዛሬ ቀለል ያለ ቀን ነው። ጠዋት ወደ ስታዲየሙ ሄድኩ። የታዳጊ ልምምድ ነበር። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ነጠቀ! ይህ በቀላሉ የሚሆን ነገር አይደለም። በማግስቱ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ጅቡቲ ቴሌኮምን አልፎ ከአል አህሊ ጋር ተጋጠመ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ በመልሱ ግን 1 ለ 0 አሸነፈ። አል አህሊን ማሸነፍ ማለት ምን እንደሆነ ኳስ የሚወድ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. ቡድኑ ከሊጉ ወረደ። ከአጥሩ ጋር ተደግፈው ልምምድ ከሚያዩት አንዱ ግን ያንን የ1 ለ 0 ጨዋታ ትናንት እንደሆነ አድርጎ፣ ኳሷን በእግሩ እያሳየ ተረከልኝ። የንጉሡን ስም ልጆቹ ማልያ ላይ ማየት ደስ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ኢርፎን አድርጌ በአወቱ ወንዝ ዳር ተራመድኩ። ሙላቱ አስታጥቄን እየሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ1943 እዚህ ጅማ ነው የተወለደው። ቤተሰቡ ምሕንድስና እንዲማር ዌልስ ላኩት። እሱ ሙዚቃን መረጠ። ለንደን ተማረ፤ ከዚያ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ። እዚያ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ከጃዝ ጋር አጋባና ኢትዮ ጃዝ አለው። ቫይብራፎኑ ሲመታ ድምፁ ወዲያው አይጠፋም። አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሌላው እስኪደርስበት ይጠብቃል። ወንዝ ዳር ሲሰሙት ያምራል።

እሱም ከዚህ ተወልዶ ርቆ የሄደ ነው። እየሰማሁት ግን ልቤ ወደ አስቴር ሄደ። ሙላቱ ተልኮ ሄደ፤ እሷ ተሽጣ ሄደች። ሁለቱም የአገራቸውን ድምፅ ይዘው ሄዱ። የሙላቱን ዓለም ሰማው። የእሷን ገና አልሰማንም።

ሲመሽ በርጩማዬን ልቀበል ሄድኩ። ዝግጁ ነበር። መቀመጫው እንደ መዳፍ ጎድጎድ ብሏል፤ ገና ትኩስ እንጨት ይሸታል። ሽማግሌው ገንዘቡን ተቀብለው ቆጠሩ፤ ምንም አላሉም። እኔም ላለመጠየቅ ወሰንኩ። ማረፊያዬ ገብቼ ገለበጥኩት። ከሦስቱ እግሮች መካከል፣ በመሮ ጫፍ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የራሳቸው ስም ከነአባታቸው ተጽፏል።

ማክሰኞ፣ መልስ

ረዳቱ በርጩማውን ፖርቶ መጋላ ላይ እንጫነው አለኝ። አይሆንም አልኩ። ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጎኔ የተቀመጠው ወጣት ሳቅ አለና ዕቃዬን እንዳስቀምጥ ቦታ ለቀቀልኝ።

አበልቲን ስንወርድ ደብተሬን አወጣሁ። ያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ዝርዝር በንጉሥ ነበር የሚጀምረው። አዲስ ገጽ ገለጥኩ። በርጩማውን እንደ ጠረጴዛ አደረግኩት። ባሱ ወደ ጊቤ ድልድይ ሲጠመዘዝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ከላይ ጻፍኩ፦ አስቴር፣ የጋኖ ልጅ፣ ከሊሙ።